በብየዳ ኦክስጅን ጣና ውስጥ መጥለቅ ይቻላል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ወደ ዘጌ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ሞተራችን ከነማሰሪያው ተነቅሎ ጣና ገባብን። ቦታውን እናውቀዋለን። ድንጋይ በገመድ አስረን ስንለካው ወደ 10 ሜትር ነው። የአጎቴ ልጅ ጋራዥ አለው፤ ሙሉ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር አለ። ቱቦውን አፋችን ላይ አድርገን ብንጠልቅ ምን ችግር አለው? ጠላቂውም፣ ተራራ ወጪውም፣ የጠፈር ሰውም፣ ታማሚውም ሲሊንደር ይዞ አይደል የሚተነፍሰው? ኦክስጅን ያው ኦክስጅን ነው ብዬ ነው።»

ወንድሜ፣ ሳትጠልቅ መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል። መልሱ አይቻልም ነው። ለአምስት ደቂቃም፣ ለአንዴም ቢሆን አትሞክረው። ሲሊንደሩ እዚያው ጋራዡ ይቀመጥ።

ምክንያቱን ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። እኔ ባዮሜዲካል ቴክኒሺያን ነኝ። የሕክምና ጋዝ መስመር መዘርጋት፣ ሬጉሌተር (ሲሊንደሩ አፍ ላይ ተገጥሞ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) መጠገን፣ ሲሊንደር መመርመር የዕለት ሥራዬ ነው። «ኦክስጅን ያው ኦክስጅን ነው» ሲባል ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ሰው የሚጎዳውም በዚሁ አባባል ነው። ሲሊንደር ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ብረት ነው። ውስጡ ምን መግባት እንዳለበት የሚወስነው ግን የሚሄድበት ቦታ ነው። ከቆጠርካቸው ሰዎች መካከል ጠላቂው አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን አይደለም የሚሸከመው። ጀርባው ላይ ያለው ተራ አየር ነው። አንተና እኔ አሁን የምንስበው አየር ተጣርቶ፣ 200 ባር ያህል ተጨምቆ የታሸገ (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ 1 ባር ባሕር ወለል ላይ አየሩ የሚጫነን ያህል ነው)።

ለምን እንደዚያ ሆነ? ነገሩ ሁሉ ግፊት ነው። ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይህ ቁጥር ባሕር ዳርም፣ ጅቡቲም፣ ራስ ዳሽን አናት ላይም ያው ነው። የሚለያየው አየሩ የሚጫነን ክብደት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ እኛ ጋ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው፤ 0.82 ባር ገደማ። ውሃ ውስጥ ስትገባ ደግሞ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ይጨመርብሃል። ሞተርህ ያለበት ቦታ ላይ የምትስበው ጋዝ ግፊት 1.8 ባር ይደርሳል ማለት ነው።

ንጹህ ኦክስጅን ከ1.6 ባር በላይ ሲሆን አንጎልን ይመርዛል። ጠላቂዎች የሚጠብቁት ድንበር ይህ ነው። ታች ሆነው ሥራ የሚሠሩት እንዲያውም 1.4 ላይ ያቆማሉ። ባሕር ላይ 1.6 የሚሞላው 6 ሜትር ላይ ነው። ጣና ከፍታ ላይ ስለሆነ ሁለት ሜትር ያህል ይመርቅልሃል። ሞተርህ ግን ከዚያም በታች ነው። ሲመርዝ ደግሞ ሁልጊዜ ምልክት አይሰጥም። አንዳንዱ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮው ይጮኻል፤ ዓይኑ ዙሪያውን ማየት ያቅተዋል። ሌላው ምንም ሳይሰማው በአንዴ ያንዘፈዝፈዋል። የብስ ላይ ቢሆን ጋዙ ሲነሳለት ይመለስ ነበር። ውሃ ውስጥ ግን አፉ ይከፈታል፤ ቱቦው ይወድቃል፤ ይሰምጣል።

ንጹህ ኦክስጅን ይዘው የጠለቁ ሰዎች ነበሩ፤ አልዋሽህም። በ1941 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ወደብ ሰርገው ገብተው ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን በፈንጂ የመቱት የጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች የተጠቀሙት እሱን ነው። ያስወጡት ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጣርቶ ተመልሶ ለራሳቸው ይመጣል። አረፋ ስለማይወጣ ማንም አያያቸውም። ግን የሚሄዱት ከውሃው ገጽ ብዙ ሳይርቁ ነበር፤ የሰለጠኑም ነበሩ።

ሁለተኛው አደጋ ሲሊንደሩ ውስጥ ምንም ይኑር ምን የሚመጣ ነው። ከላይ ትንፋሽህን ይዘህ ብትጠልቅ ሳንባህ ታች ይጨመቃል፤ ስትወጣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያደረገው ነው። ታች ሆነህ ከሲሊንደር ከሳብክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1.8 ባር የሞላኸው ሳንባ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይነፋል። ባሕር ላይ ከ10 ሜትር የወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው ጋዝ ዕጥፍ ይሆናል። እኛ ጋ 1.8ን ለ0.82 አካፍለው፤ 2.2 ነው። ደንግጦ ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ይቀደዳል፤ ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ አንጎል ይደርሳል። ለዚህ 10 ሜትር እንኳ አያስፈልግም፤ ከሁለት ሜትርም ይደርሳል። ለዚህ ነው የሰለጠነ ጠላቂ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ትንፋሽህን አትያዝ የሚለው። ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቅ ባለሙያ ደግሞ የጠለቀበትን ጊዜ የሚያሰላበት ሰንጠረዥ ከባሕሩ የተለየ ነው። ወጥቶም በዚያው ቀን ግፊቱ ይበልጥ ወደሚወርድበት ወደ ደብረ ታቦር መኪና ይዞ አይወጣም፤ አውሮፕላንም አይሳፈርም።

ሦስተኛው ሬጉሌተሩ ነው። የብየዳ ሬጉሌተር የሚሠራው ለእሳት ነው። ከፈትከው ማለት ሳያቋርጥ ይለቃል። ጠላቂ የሚፈልገው ሲስብ የሚከፈት፣ ሲያቆም የሚዘጋ፣ ግፊቱንም በየጥልቀቱ ከውሃው ጋር የሚያስተካክል ነው። ይህንን ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. ሠሩት። ጋኛን መነሻ ያደረገው በጦርነቱ ቤንዚን ሲጠፋ መኪና በጋዝ እንዲሄድ ያዘጋጀውን ቫልቭ ነበር። አንተ ያሰብከው ቱቦ ይህን አያደርግም። ወይ አፍህን ሞልቶ ያፍንሃል፣ ወይ ስትፈልገው አይደርስልህም።

አራተኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቦታ ለጥገና ተጠራሁ። የሲሊንደሩ ቫልቭ ጠጠር ብሎ አስቸግሯቸው ኖሯል። አንድ ትጉህ ልጅ ይላላልኝ ብሎ የሬጉሌተሩን ክር ግራሶ ቀብቶታል። እኔ አላወቅኩም። «ቀስ ብለህ ክፈተው» ልለው አፌን ስከፍት እሱ በአንዴ አዞረው። ጠብመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ። ከሬጉሌተሩ ነጭ ብርሃን ቦግ አለ። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መስታወት ተሰባብሮ ግድግዳው ላይ ተረጨ። በኋላ ሳነሳው የናሱ አፍ እንደ ሰም ቀልጦ ነበር። ልጁ ወደ ጎን ቆሞ ስለነበር እጅጌው ብቻ ተቃጠለ። ፊት ለፊቱ ቢቆም ኖሮ ዓይኑን ነበር።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም። ሌላው እንዲነድ ያደርጋል። ቫልቭ በድንገት ሲከፈት ጋዙ ጠባቡ ቦታ ውስጥ ይጨመቅና ይግላል። እዚያ ላይ ትንሽ ዘይት ካገኘ ክብሪት አያስፈልገውም። አሁን የራሳችሁን ጀልባ አስበው። ቤንዚኑ በጀሪካን፣ ዘይቱ ወለሉ ላይ፣ የሁላችሁም እጅ ግራሶ። መሐል ላይ 150 ባር ኦክስጅን። ማዕበል አንዴ ገፍቶ ቢጥለውና ቫልቩ ቢሰበር ደግሞ ብረቱ ራሱ ጥይት ሆኖ ይወረወራል። እኛ ሲሊንደርን በሰንሰለት ግድግዳ ላይ የምናስረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሌሎቹ እንዴት ነው የሚተነፍሱት ላልከው።

እሳት አደጋ ሠራተኛ ጭስ ውስጥ የሚገባው የታመቀ አየር ተሸክሞ ነው፤ ኦክስጅን ሳይሆን። ነበልባል መሐል ኦክስጅን የሚያፈስ ጭንብል ማንም አያደርግም። የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ለነፍስ አድን የሚገቡት ግን ሰዓታት ስለሚቆዩ ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዘው የራሳቸውን ትንፋሽ እያጣሩ ይመላለሱበታል። አየር ቢይዙ ኖሮ ክብደቱን አይችሉትም ነበር።

ጉድጓድ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ለገጠር ዘመዶችህ ሁሉ ንገርልኝ። የእህል ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከኤቨረስት የባሰ ቦታ ሊሆን ይችላል። ተከድኖ የቆየ እህል ራሱ፣ ነቀዙና ሻጋታው ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተኛበታል። ኦክስጅኑ ከ10 በመቶ በታች ከወረደ ሰው አፈነኝ ሳይል ነው የሚወድቀው። ቀጥሎ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ደጋግመን የምንሰማው መርዶ ይህ ነው። ሻማ አውርዶ ማየት የቆየ ዘዴ ነው። ግን መርዛማ ጋዝ መኖሩን አይናገርም፤ የሚነድ ጋዝ ካለ ደግሞ ያፈነዳዋል። «ከጋራዥ ኦክስጅን አምጥተን ቱቦውን ወደ ጉድጓዱ እንልቀቅበት» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በፍጹም! ጉድጓዱን ወደ ምድጃ መለወጥ ነው። የሚያስፈልገው ንጹህ አየር በማራገቢያ ረዘም ላለ ጊዜ ማስገባት ነው። የሚወርደው ሰውም ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ጫፉን ከላይ የያዙ ሰዎች ኖረው ነው።

ተራራው ላይ ነገሩ የውሃው ግልባጭ ነው። ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው። አናቱ ላይ ያለው ግፊት ባሕር ወለል ካለው አንድ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ አናቱ ላይ የደረሱት ሂላሪና ቴንዚንግ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲወጡ ኦክስጅን ይዘው ነበር። ሜስነርና ሃበለር የሚባሉ ተራራ ወጪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያለ እሱ ወጡ። ዛሬ ወጪዎቹ የሚይዙት 4 ሊትር የምትሆን ቀላል ጠርሙስ ነች። 300 ባር ስለምትሞላ 1,200 ሊትር ጋዝ ትሰጣለች፤ በደቂቃ 2 ሊትር ቢለቁ 10 ሰዓት። እሱንም ንጹሁን አይስቡትም፤ ጭንብሉ ውስጥ ከተራራው አየር ጋር ይቀላቀላል። እዚያ ኦክስጅን የሚጎዳበት ግፊት የለም። ያው ጋዝ ጣና ሥር መርዝ፣ ኤቨረስት ላይ ሕይወት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ራስ ዳሽን ለመውጣት ግን ሲሊንደር አያስፈልግም። 4,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀስ ብሎ እያደሩ መውጣት ይበቃል። ራስ ምታቱ ከብዶ ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የሚገርመኝ የአገሬው ሰው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቷል። ደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ ቆላ የሚኖር ሰው የሚያሳየው ዓይነት ቁጥር። ደማቸውም በደቡብ አሜሪካ አንዴስ ተራሮች እንደሚታየው አልወፈረም። እኛ ከባሕር ዳር ሄደን እናለከልካለን፤ የዚያ መንደር እረኛ ዋሽንቱን እየነፋ ዳገት ይወጣል።

አውሮፕላኑን ላሳጥረው። በድሪምላይነር 12 ሺህ ሜትር ላይ ስትበር ተሳፋሪው ያለበት ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,800 ሜትር በላይ ያለውን አየር እንዳይመስል ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ የባሕር ዳር አየር በለው። ግፊቱ ሲወርድ ከጣሪያ የሚወርደው ጭንብል በብዙ ሌሎች አውሮፕላኖች ከሲሊንደር ጋር አልተያያዘም። ስትጎትተው በኬሚካል ኦክስጅን የሚሠራ ትንሽ ቆርቆሮ ይቀጣጠላል። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ አብራሪው ዝቅ እስኪል ይበቃል። የጠፈር ሰው ደግሞ ከጣቢያው ሲወጣ ልብሱ ውስጥ ንጹህ ኦክስጅን አለ፤ ግን ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ አይመርዘውም። በጥር 1967 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው መንኮራኩር የአፖሎ 1 ሦስት ጠፈርተኞች መሬት ላይ ልምምድ ላይ እያሉ የሞቱት መንኮራኩሩ በሙሉ ግፊት በንጹህ ኦክስጅን ተሞልቶ ሳለ እሳት ስለተነሳ ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ወደ ታማሚው። ብዙ ሰው ኦክስጅንን እንደ አየር ያየዋል። መድኃኒት ነው፤ መጠን አለው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሠለጠኑት አገሮች ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ብዙ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው በሺዎች የሚቆጠሩት ዓይናቸውን አጥተዋል። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት አዋቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሌቱ ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ ካለፈ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ፍሎውሜትሩ (በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚለቅ የሚያሳየው መለኪያ) ላይ ያለችውን ኳስ ቤተሰብ «ትንሽ ልጨምርላቸው» ብሎ ሊነካት አይገባም።

የጋራዡና የሆስፒታሉ ጋዝ ራሱ ከአንድ ማምረቻ ሊወጣ ይችላል። ልዩነቱ ብረቱና ጥንቃቄው ነው። የሕክምናው ሲሊንደር ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ባዶ ይደረጋል፤ ይመረመራል፤ ሌላ ጋዝ አይገባበትም። የጋራዡ ምን ገብቶበት እንደኖረ ማን ያውቃል? ቀለሙን አይተህም አትመን፤ የሚነበበው ጽሑፉ ነው።

አንድ ጊዜ ሲሊንደር ላስገባ የአንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። የፋሲካ ማግስት ነው። አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለዋል። ፀጉራቸው ለጋ ቅቤ ጠጥቶ በነጭ ሻሽ ታስሯል። ከአልጋው አንድ ክንድ ርቆ ረከቦቱ ተዘርግቷል። ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ዕቃዬን ሳላወርድ ቆምኩ። «እማማ፣ ቡናው በረንዳ ይውጣ» አልኳቸው። «ቡና የሌለው ቤት ምኑን ቤት ሆነ ልጄ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ፀጉርና ልብስ ኦክስጅኑን ይጠጣል፤ ቅቤ ደግሞ ዘይት ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ልጃቸው ፀጉራቸውን በሞቀ ውሃ አጠበችላቸው። ሻሹም ተቀየረ። ቡናው በረንዳ ላይ ተፈልቶ ስኒው ወደ ውስጥ ገባላቸው። ጧፉም ከራስጌያቸው ተነሳ። ሲሊንደሩን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። 40 ሊትር፣ 150 ባር፤ ሲባዛ 6,000 ሊትር። ሐኪሙ ያዘዘላቸው በደቂቃ 2 ሊትር ስለነበር ለ50 ሰዓት ይበቃል። ስሌቱን ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እንዳያልቅባቸው ቀድማ የምትደውልበትን ሰዓትም ከጎኑ አሰመረችበት።

አሁን ወደ ሞተርህ። ያለ ጠላቂ የሚወጣበት ዕድል ጥሩ ነው። ቦታውን ባዶ ጀሪካን ከድናችሁ፣ በድንጋይ አስራችሁ ምልክት አድርጉበት። ማግኔት እንዳትገዙ፤ የሞተሩ አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ አይስበውም። ሁለት ጀልባ ሆናችሁ መሐላችሁ ክብደት ያለው ገመድ ከነመንጠቆው ወለሉ ላይ እየጎተታችሁ እለፉ። በዚያ በኩል መረብ የሚጥሉትን ዓሣ አጥማጆች ጠይቋቸው፤ የሐይቁን ወለል በእጃቸው ነው የሚያውቁት። በጠዋት ሥሩ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። የሕይወት ጃኬት ሳትለብሱ እንዳትወጡ። መንጠቆው ሲይዝ በአንድ ጀልባ ጎን በኩል አትጎትቱት፤ ይገለብጣችኋል። ሁለቱን ጀልባ ጎን ለጎን አስራችሁ፣ ግንድ አጋድማችሁ መሐል ለመሐል አንሱት። አልያዝ ካለ የሰለጠነ፣ የራሱ ዕቃ ያለው ጠላቂ ፈልጉ።

ሲወጣም ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ዝገቱ የሚጀምረው አየር ሲያገኘው ነው። መካኒኩ እስኪደርስ በርሜል ውስጥ ንጹህ ውሃ ሞልታችሁ ንከሩት። ከዚያ ካንዴላውን ማውጣት፣ ውሃውን ማፍሰስ፣ ካርቡራተሩን ማጠብ፣ ውስጡን ዘይት ማጠጣት፤ ሁሉም በዚያው ቀን። ካንዴላው ሳይወጣ ግን የማስነሻ ገመዱን ማንም እንዳይስብ። ውሃ አይጨመቅም፤ ቢየላው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ይጣመማል።